ቀጭን ሙጫ

ወንድሜ ሲሞት የመምህርቷ ቼሎ የፊት ሳንቃው ተነስቶ ጠረጴዛው ላይ ተንጋሎ ነበር። ከቀብር የተመለሱ ሰዎች ወንበር ፍለጋ ወርክሾፑ ውስጥ ሲገቡ አዩት። አንዱ ለሌላው በሹክሹክታ፣ «ያበላሸው እኮ ይሄን ነው» ሲል ሰማሁ። «በመጨረሻው እጁ ከድቶት ነበር አሉ።»

እጁ አልከዳውም። ይህን የምጽፈው ለዚያ ነው።

ጋሼ ነበር የምለው፤ በአሥራ አምስት ዓመት ይበልጠኛል። ሠላሳ ዓመት ቫዮሊንና፣ ተቀምጠው ጉልበት መሃል ይዘው የሚጫወቱትን ትልቁን ዘመዱን ቼሎን ሲጠግን ኖሯል። እኔ አናጺ ነኝ። አልጋና ቁም ሳጥን የምሠራበት ቤት ሲዘጋ፣ «ና እኔ ጋ፤ እንጨት እንጨት ነው» አለኝ። እንጨት ሁሉ አንድ እንዳልሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ወርክሾፑ ሁለት ክፍል ነው። የፊተኛው ወደ መንገድ የሚያይ አንድ መስኮትና አንድ በር አለው፤ ጋሼ እዚያ ይሠራል። የኋለኛው የኔ ነበር፤ የተሰበሩ የመሣሪያ ሳጥኖችን፣ የተንገዳገዱ ወንበሮችን፣ መደርደሪያዎችን አድሳለሁ። መሃላቸው በር የለም፤ መጋረጃ ብቻ ነው። ቫዮሊኖቹ አንገታቸውን በሽቦ ተይዘው ይንጠለጠላሉ። ቼሎዎቹ ደግሞ እንደ ተቀጣ ተማሪ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይቆማሉ።

የገባሁ ቀን ነጭ ኮላዬን በትልቅ ጣሳ ይዤ ነበር። ጋሼ ጣሳውን አየና፣ «እሱ ከመጋረጃው ወዲህ እንዳይመጣ» አለኝ። ለምን እንደሆነ አልነገረኝም፤ ጋሼ ማብራራት አይወድም። እሱ የሚጠቀመው ከከብት ቆዳ የሚወጣ ሙጫ ነው። ፍርፋሪውን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ ያሳድርና ጠዋት የፈላ ውሃ ላይ በተቀመጠች ትንሽ ድስት ያሞቀዋል። ሽታው የረጠበ ውሻ ነው። እኔ በሆዴ ሳቅኩ። ያ ሙጫ እኮ በሙቅ ውሃና በስስ ቢላ ይለቃል። የኔ ኮላ ግን አንዴ ከያዘ እንጨቱ ይሰበራል እንጂ እሱ አይለቅም። አናጺ ከዚህ የበለጠ ምስጋና አያውቅም።

መምህርቷን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋት ወርክሾፑ በገባሁ በስድስተኛው ወር ነው፤ ደረቁ ነፋስ ከንፈር መሰንጠቅ በጀመረበት ሰሞን። ሃምሳን የተሻገረች፣ ቀጥ ብላ የምትሄድ ሴት ናት፤ ትምህርት ቤት ቼሎ ታስተምራለች። ሳጥኑን በጀርባዋ አዝላ ገባች። ጋሼ ከመቀመጫው ተነሳ። ለማንም ተነስቶ አያውቅም።

«ሳምንቱ ደርሷል ብዬ ስጠብቅሽ ነበር» አላት።

ጋሼ ደንበኛን ሁሉ እርስዎ ነው የሚለው፤ ልጁ የሚሆነውን ተማሪ እንኳ። እሷን አንቺ አላት። ጆሮዬ ቆመ።

ከዚያ ሄዶ በሩን ዘጋው። መስኮቱንም ዘጋው።

በመጋረጃው ጠርዝ አየሁ። ላለማየት ሞክሬ ነበር ብዬ አልዋሽም። ጋሼ ቼሎውን ጠረጴዛው ላይ አጋድሞ ዙሪያውን በጣቱ አንጓ ያንኳኳል፤ ባንኳኳ ቁጥር ጆሮውን ያስጠጋል። እሷ አንገቱን ይዛ ከላይ አጎንብሳለች። ጭንቅላታቸው ሊነካካ ምንም አልቀረውም። አይነጋገሩም። አንድ ቦታ ሲደርስ፣ «እዚህ ጋ» አላት።

«ሁልጊዜም እዚሁ ነው» አለች። ሁለቱም ፈገግ አሉ።

የፊት ሳንቃው ከጎኑ ጋር የተጣበቀበት መጋጠሚያ ትከሻው አጠገብ አራት ጣት ያህል ተከፍቶ ነበር። ጋሼ ድስቷን አወረደና ሙጫው ላይ ሙቅ ውሃ ጨመረ። አንድ ማንኪያ፣ ሁለት፣ ሦስት። ወተት የሚያቀጥን ነጋዴ እንኳ እንደዚያ አይደፍርም። በብሩሽ ቀባ፣ ትንንሽ የእንጨት ሞርሳዎች ደርድሮ አጠበቀ፣ ጨረሰ።

እሷ ከሄደች በኋላ፣ «ጋሼ፣ ሙጫው አልቀጠነም?» አልኩት።

«ይበቃዋል።»

«እንዲህ ከሆነ ከርሞም ይከፈታላ።»

«ይከፈታል እንጂ» አለና ብሩሹን ማጠብ ጀመረ።

ሌባ እንኳ ሲያዝ ይክዳል። ጋሼ አልካደም። በየዓመቱ እንድትመጣ ብሎ ነው የሚያቀጥነው አልኩ በልቤ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወንድሜን በሌላ ዓይን አየው ጀመር።

እትዬ የጋሼ ሚስት ናት። እናታችን ስትሞት ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ራሴን ያጠበችኝ፣ ደብተር የገዛችልኝ፣ ስታመም አጠገቤ ያደረችው እሷ ናት። ያን ቀን ቤት ስገባ መጀመሪያ የጠየቀችኝ፣ «መምህርቷ መጣች?» ብላ ነው።

«መጣች» አልኳት።

ከንፈሯን መጠጥ አድርጋ ተነሳችና መስኮቶቹን ሁሉ ከፈተቻቸው፤ አየር ያጠራት ይመስል። ሌላም ነገር ልብ አልኩ። ወርክሾፑ ከቤታችን የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው፤ እትዬ ግን በዚያ ሰሞን ዝር አትልም። ምሳውን እንኳ ቤት መጥቶ ይበላል። አውቃ ነው የምትሸሸው አልኩ። ታውቃለች፣ ሆድ ይፍጀው ብላ ትኖራለች።

በዓመቱ ያው ሰሞን ሊደርስ ሲል ጡሩንባ መጣ። ጡሩንባ የምንለው አንድ ቫዮሊን ተጫዋች ነው። ስሙን ያገኘው የሰማውን ሁሉ ስለሚነፋ ነው። ጋሼ አልነበረም፤ መጋረጃውን ገልጦ ወደኔ ገባ።

«ስማ አናጺው፣ ወንድምህ ሙጫውን በምራቁ ነው እንዴ የሚያቦካው?»

«ምን ሆነ ደግሞ?»

«ያቺ ሴትዮ በየዓመቱ በዚሁ ሳምንት ነው የምትመጣው። ሃያ ዓመት ሙሉ። እኔ አንድ ቤት እንደዚያ ብመላለስ ሚስቴ ታባርረኝ ነበር።»

«ሚስትህ አንተን ለማባረር ምክንያት ቸግሯት አያውቅም።»

ሳቀ። ሲስቅ ግን ዓይኑን ከዓይኔ ላይ አልነቀለም። «እኔ እንግዲህ ምንም አላልኩም» አለና ወጣ። ምንም አላልኩም የሚል ሰው ሁሉን ብሏል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ከእትዬ በቀር ሰው ሁሉ የሚያወራው መሰለኝ፤ ወይም እትዬም ጨምራ።

በሳምንቱ መምህርቷ መጣች። በር ተዘጋ፤ ተንኳኳ፤ ሙጫው ቀጠነ። እሷ ሄደች፣ ጋሼ ሞርሳዎቹን አጥብቆ ለምሳ ወጣ። ቼሎው እስከ ማግስቱ እዚያው ነው የሚያድረው። አንድ ሰዓት ነበረኝ።

ሞርሳዎቹን ከመፍታቴ በፊት ቆጠርኳቸው፤ ሰባት ነበሩ። ያልደረቀው ሙጫ ቢላው ገና እንደነካው ለቀቀ። አየህ፣ አልኩ ለራሴ። በዚያ ግን አላበቃሁም። ቢላውን ገፋሁና በዚያ በኩል ያለውን መጋጠሚያ ከትከሻው እስከ ታችኛው ጫፍ ከፈትኩት። በሙቅ ጨርቅ ጠረግኩት፣ ነጭ ኮላዬን በስስ ካርቶን እየገፋሁ አስገባሁ፣ የተረፈውን አበስኩ፣ ከራሴ ክፍል ሞርሳ ጨምሬ ያዝኩት። እስኪመለስ የጨመርኩትን አንስቼ ሰባቱን በነበሩበት መልሼ ነበር። ንጹሕ ሥራ ነበር፤ አልዋሽም፣ ኮርቼበታለሁ። የምትመጣበት ሰበብ ካጣች አትመጣም፤ ካልመጣች የእትዬ ትዳር ይተርፋል። ስሌቴ ይህ ነበር።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ። ነጭ ኮላ ሦስተኛቸው ነው።

ክረምቱ አልፎ ደረቁ ነፋስ ተመለሰ። ሳምንቷ ደረሰ፤ አልመጣችም። ጋሼ ሙጫውን ዘፍዝፎ ጠበቀ። ብሩሹን ይዞ መንገዱን ሲያይ አየዋለሁ። በሁለተኛው ሳምንት ለነገር ብዬ፣ «የለመደ ሰው ሲቀር ምን ይላሉ፣ ጋሼ?» አልኩት።

«ያሳስባል» አለ።

እንዴት አያሳስብህ አልኩ በሆዴ።

በሦስተኛው ሳምንት መጣች። ሳጥኑን ከጀርባዋ አውርዳ ከፈተችው። ሳንቃው ከታችኛው ጫፍ ተነስቶ እስከ ድምፅ ማውጫው ቀዳዳ ድረስ ተሰንጥቋል። ቀጥ ያለ፣ ጥፍር የሚያስገባ ስንጥቅ ነው።

«ትናንት ክፍል ውስጥ፣ ልጆቹ ፊት» አለች። «እንደ ጥይት ጮኸ።»

ጋሼ ቼሎውን ጠረጴዛው ላይ አጋደመ። ዙሪያውን ማንኳኳት ጀመረ። የትም አልተከፈተም። ስሱን ቢላ አመጣ፤ አልገባም። ሙቅ ውሃ አንጠባጥቦ ጠበቀ፤ አሁንም አልገባም። በቢላው ጫፍ ከመጋጠሚያው ላይ ትንሽ ፍቆ በጣቶቹ መካከል አሸው፤ እንደ ላስቲክ ተጠቀለለ። እኔ መጋረጃው ሥር ቆሜያለሁ። ፊቴን አላየም። ያየው ከኋላዬ ያለውን መደርደሪያ ነው፤ ጣሳው ያለበትን።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አላት። «አጥብቄዋለሁ።»

«አንተ?»

«እኔ።»

«ሃያ ዓመት ያላደረግከውን?»

«አምና አደረግኩት።»

ትኩር ብላ አየችው። ያላመነችው መሰለኝ። ከዚያ ዓይኗ ወደ እጁ ወርዶ እዚያው ቀረ። «እንግዲያው ደክመሃል ማለት ነው» አለች። «ብትነግረኝ ምን ነበር?»

እኔ ዝም አልኩ። ለምን ዝም እንዳልኩ ዛሬም ጥሩ መልስ የለኝም።

ጡሩንባ ሥራውን ሠራ። ወር ሳይሞላ ትምህርት ቤቱ መሣሪያዎቹን ሌላ ጋ መላክ ጀመረ። በሩ ላይ ቆመው፣ «ቫዮሊኔን እንዲሁ ሳትነካው ልውሰደው» የሚሉ መጡ። ጋሼ ሳይከራከር ከሽቦው እያወረደ ሰጣቸው። እነሱም እዚያው ፊቱ ሳጥናቸውን ከፍተው ዙሪያውን ፈተሹ።

እኔን አንድም ቃል አልተናገረኝም። አሁን ደግሞ ዝምታውን መጠርጠር ያዝኩ። ቀን ጠብቆ እትዬ ፊት ሊያነሳው ነው፤ ወይ ከቤት ሊያስወጣኝ ነው እያልኩ ገበታ ላይ ሳይቀር ፊቱን አጠና ነበር። አንድ ጠዋት ከወዲያ ሆኖ ጠራኝ። ይኸው ደረሰ ብዬ ወጣሁ።

«ና፣ ያዝልኝ» አለ።

ከመጋረጃው ወዲያ ያን ቀን ነው መሥራት የጀመርኩት። በቆዳ ሙጫ የተጣበቀ ሳንቃ ማንሳት የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ይሄኛው ሦስት ሳምንት ፈጀ። ቢላው በገባ ቁጥር ኮላዬ እንጨቱን ይዞ ይነሳል፤ ጋሼ የተቀደደውን ስንጥር በወረንጦ እያነሳ አንድ በአንድ ወደ ቦታው ይመልሳል። እኔ መብራት እይዝለታለሁ። በኋላ ስንጥቁን በሙጫ መዝጋት ሲጀምር ሽታው አስጨንቆኝ ተነስቼ በሩን ከፈትኩት።

«ዝጋው» አለ።

«ሽታው እኮ…»

«ነፋስ ከነካው ሙጫው ሳይያያዝ ይረጋል። እስከ ዛሬ በሩን ለምን የምዘጋ መስሎህ ነው?»

በሩን ዘጋሁት። ቀና ብሎ አየኝና ወደ ሥራው ተመለሰ።

ሌላ ቀን ደግሞ ሙጫው ላይ ውሃ እየጨመረ፣ «እንጨት በበጋ ይሸሻል፣ በክረምት ይመለሳል» አለ። ለድስቷ የሚነግራት ነው የሚመስለው። «የሚለቅበት ቦታ ካላስቀመጥክለት ራሱን ቀዶ ይሄዳል። መጋጠሚያውን በቀጭን ሙጫ የምንይዘው እንዲከፈት ነው። እሱ ሲከፈት ሳንቃው ይተርፋል። የተከፈተ መጋጠሚያ የሩብ ሰዓት ሥራ ነው። ስንጥቅ ግን የዕድሜ ልክ ነው።»

በሩ፣ ውሃው፣ «ይከፈታል እንጂ» ያለው ሁሉ። ስጠረጥርባቸው የኖርኩት ነገሮች አንድ በአንድ ሥራ ሆነው ተገኙ። ያኔ ነበር መናገር ያለብኝ። ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። ሳንቃው ተመልሶ ይከደንና ያን ቀን እነግረዋለሁ አልኩ።

ስንጥቁን ዘግቶ ከውስጥ ትንንሽ የጥድ ቁራጮች ለጥፎ ደገፈው። የቀረው መክደን ብቻ ነበር። ማክሰኞ ደረቴን ወጋኝ አለ። ሐሙስ ሞተ።

ሰዉ ሲቀንስ እትዬ ጋ ገባሁ። አልጋው ላይ ተቀምጣ የጋሼን ሸሚዞች ታጥፋለች።

«እትዬ፣ ቼሎውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አለች። «ነጭ ኮላ ያለው ማን ጋ ነው? ተሰንጥቆ የመጣ ዕለት ነው ወንድምህ የነገረኝ።»

«ምን አለሽ?»

«ለምን እንዳደረገው አልገባኝም አለ። እስኪነግረኝ እጠብቀዋለሁ፣ አንቺም እንዳታነሺበት አለ።» ሸሚዙን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። «እስቲ አሁን ለኔ ንገረኝ። ለምን ነበር?»

ነገርኳት። በሩን፣ ውሃውን፣ የጡሩንባን ወሬ፣ የራሷን ጥያቄ፣ መስኮቶቹን ስትከፍት ያየሁትን። አፏን ከፍታ ሰማችኝ።

«መስኮቱን?» አለች።

«አዎ።»

«አንተ ሞኝ። መምህርቷ መጣች ማለት የበጋው ሥራ ገባ ማለት ነው፤ የሁሉም መሣሪያ መጋጠሚያ ይከፈታል፤ ድስቷ ቀኑን ሙሉ አትወርድም። ወንድምህ እንደ ሞተ ውሻ ሸቶ ነው የሚገባው። እኔን ደግሞ ያ ሽታ ደረቴን ይዘጋኛል። በዚያ ሰሞን እዚያ አትድረሺ ያለኝ ሐኪም ነው። የጠየቅኩህ እኮ ልብሱን ደጅ እንዲያወልቅ ብዬ ነው።»

ሳቀች። ከሞተ ጀምሮ ስትስቅ ያን ቀን ነው ያየኋት። ሳቁ መሃል ላይ ተሰበረና ሌላ ነገር ሆነ። «እሱን መጠየቅ ብታፍር እኔን ብትጠይቀኝ ምን ነበር?» አለች። «እኔ አይደለሁ ያሳደግኩህ?»

«መምህርቷን አንቺ የሚላትስ ነገር?» አልኳት።

አጥፋ የጨረሰችውን ሸሚዝ ፈታችው። እንደገና ከእጅጌው ጀምራ ማጠፍ ያዘች። «እሱን አልጠየቅኩትም» አለች። «አንተም አትጠይቀኝ።»

ቼሎውን የከደንኩት እኔ ነኝ። በሩን ዘጋሁ፣ መስኮቱን ዘጋሁ፣ ሙጫውን አቀጠንኩ። እጄ የአናጺ እጅ ነው፤ ማንኪያውን ባነሳሁ ቁጥር የምሰርቅ ይመስለኝ ነበር። ሦስት ማንኪያ ጨመርኩ።

ለመምህርቷ ደርሷል ብዬ ስልክባት ጡሩንባንም ቫዮሊንህን አምጣና ልየው ብዬ ጠራሁት። ዕድሜ ልኬን የሸሸሁት አፍ ያን ቀን አስፈለገኝ። ሁለቱ ጠረጴዛው አጠገብ ቆመው ሳሉ ተናገርኩ።

«ጋሼ አላጠበቀውም። አምና እሱ ለምሳ ሲወጣ ፈትቼ በአናጺ ኮላ ያጣበቅኩት እኔ ነኝ። የሱ እጅ አልሳተም።»

ጡሩንባ እኔንና እሷን እያፈራረቀ አየ። «እኔ ምንም አልሰማሁም» አለ።

«ሰምተሃል» አልኩት። «ያኛውን ባዳረስክበት እግር ይሄንንም አዳርስልኝ።»

መምህርቷ ከቼሎው ላይ ዓይኗን አላነሳችም። «ለምን?» አለች።

«በየዓመቱ እንዳይመጡ ብዬ።»

«መምጣቴ ማንን አስቸገረ?»

«እኔን።»

ያኔ ቀና አለች። ምን እንዳወቀች አላውቅም፤ ጉንጯ ግን ቀላ። «እጁን ስጠራጠርበት እዚያ ቆመህ ነበር» አለች።

«ቆሜ ነበር።»

ወፍራሙን ክር በአውራ ጣቷ አንዴ መታችና ጆሮዋን አስጠግታ እስኪያልቅ ሰማችው። ሳጥኑን አዝላ ደህና ሁን ሳትለኝ ወጣች።

ጡሩንባ አላሳፈረኝም። በሳምንቱ ያልሰማ አልነበረም። በሱ አተራረክ ኮላውን ያስገባሁት ጓንት አድርጌ በመስኮት ገብቼ ነው። ይሁን፤ የጋሼ ስም ተመልሷል፣ የኔ ሄዷል። ትምህርት ቤቱ መሣሪያዎቹን መልሶ ላከ፤ ነገር ግን ያመጣው ሰው ተጠግኖ እስኪያልቅ ከአጠገቤ አይሄድም። ጣሳዬን ለሰፈሩ በር ሠሪ ሰጠሁት።

ደረቁ ነፋስ ተመለሰ። ሙጫውን ዘፍዝፌ ሳምንቷን ጠበቅኩ። ሰኞ አልመጣችም። ማክሰኞ አልመጣችም። እንደገና ተሰንጥቆ ይሆን እያልኩ ብሩሹን ይዤ መንገዱን ሳይ ዋልኩ። ሐሙስ ዕለት የትምህርት ቤቱ ሾፌር ሳጥኑን ተሸክሞ ገባ፤ እሷ ከኋላው ነበረች። ሰላምታዋ አጭር ነው። ቼሎውን አጋደምኩትና ማንኳኳት ጀመርኩ። ታችኛው ጫፍ ዝግ ነው። ወገቡ ዝግ ነው። ትከሻው አጠገብ ስደርስ እንደ ተሰነጠቀ ገል ተንጫጫ።

«እዚህ ጋ» አልኩ። አራት ጣት።

መምህርቷ አንገቱን ይዛ አጎነበሰች። «ሁልጊዜም እዚሁ ነው» አለች፣ ቀስ ብላ።

ሾፌሩ አንዴ መጋጠሚያውን፣ አንዴ እኔን አየ። «ይቅርታ» አለ፣ «አምና የያዙት እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ እንዴት ተከፈተ?»

«በሩን ይዝጉልኝ» አልኩት።

ዘጋው፤ ግን አልወጣም። ወንበር ስቦ ከአጠገቤ ተቀመጠ። ድስቷን አወረድኩ። አንድ ማንኪያ ውሃ ጨመርኩ። ሁለተኛውን ስጨምር አንገቱን አሰገገ። ሦስተኛውን እንዲያየው ቀስ ብዬ ጨመርኩ።